ከፍታ ከመንቀጥቀጥም ከጎርፍም አያድንም

«ፒያሳ ወይም ካዛንቺስ ቤት ለሚከራይ ስጋት የለም፤ መንቀጥቀጡ የአዋሽ ነው፣ ከተማዋም ከፍታ ላይ ስለሆነች ጎርፍ አይነካትም» ለተባለው፦ ሁለቱም ስህተት ነው። አዲስ አበባ የስምጥ ሸለቆው አፋፍ ላይ ናት። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ ባለው ፈንታሌ ተራራ አካባቢ የተነሣው መንቀጥቀጥ እዚህ ድረስ ተሰምቷል፤ ቀስ እያለ የሚያወዛውዘው ሞገድ ርቆ ስለሚጓዝ ረጃጅም ሕንፃዎች ላይ ይብሳል።

ቤት ስታዩ ከሊፍቱ በፊት ግራውንዱን ተመልከቱ። ላይ በብሎኬት ተሞልቶ ታች ለሱቅ ተብሎ በኮለንና በመስታወት ብቻ የቆመ ሕንፃ፣ ቢናወጥ ቀድሞ የሚሰበረው እዚያ ጋ ነው። አልጋም ከብሎኬት ግድግዳ ሥር ባይሆን ይመረጣል።

ግንፍሌ፣ ቀበናና ባንተይቀጡ ወንዞች ዳር ያለ ቤት በበጋ ታይቶ ብቻ አይወሰንም፤ ያኔ ወንዙ ቦይ ይመስላል። ነሐሴ ላይ የእንጦጦ ዝናብ በአጭር ጊዜ ይሞላዋል። ግድግዳው ከጉልበት በታች ብቻ አዲስ ቀለም ከተቀባ ለምን እንደሆነ ከደላላው ሳይሆን ከጎረቤት ጠይቁ።