አምስት ሐይቅ አልፎ ገንዳ

የአዲስ አበባ ሰው ማረፍ አያውቅም የሚል ካለ ይቅርታ ይጠይቅ። ያውቃል እንጂ! እንዲያውም እንደኛ ለዕረፍት የሚለፋ የለም። አንዲት ባልንጀራዬን ምስክር ላድርግ። ለሁለት ቀን የሀዋሳ ጉዞ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሆቴል መረጠች። የምትኖርበትን ቤት ስትከራይ እንኳ እንዲህ አልደከመችም። ቤቱን በግማሽ ሰዓት አይታ ነው ቀብድ የከፈለችው።

አመራረጧ ግን የሚያስቀና ነው። ፍራሹ ይመች አይመች አልጠየቀችም። ፍራሽ ፎቶ ላይ አይታወቅም። ውሃው ይሞቃል ወይ? እሱንም አላለች። ስልኳን በሁለት ጣቷ እየለጠጠች የምትመረምረው ሌላ ነው። መግቢያው ላይ ያለው መስታወት ከእግር እስከ ራስ ያሳያል? የፕላስቲክ ሣር የተለጠፈበት ግድግዳ አለ? ሣሩ መሀል በመብራት የተጻፈ እንግሊዝኛ አለ? ዥዋዥዌስ? ዥዋዥዌው ላይ አበባ ተጠምጥሟል ወይስ ባዶ ገመድ ነው?

በ2007 ዓ.ም. መንግሥት ከዓለም የቱሪዝም ድርጅት ጋር ሆኖ ለአዲስ አበባ ሆቴሎች ኮከብ ሲሰጥ ትዝ ይላችኋል። ወጥ ቤት፣ አልጋ፣ የአደጋ መውጫ፣ ስንቱን ነገር ሲፈትሹ ከረሙ። ምን አደከማቸው? ባልንጀራዬን ቢጠይቋት ዥዋዥዌውን ቆጥራ በአንድ ምሽት ትጨርስላቸው ነበር።

ቅዳሜ ሌሊት ተነስተን ወጣን። ሀዋሳ ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከሞጆ ወዲያ ስምጥ ሸለቆው ሐይቁን ይደረድርልሃል። ቆቃ አለፈ። ዝዋይ አለፈ። ላንጋኖ፣ አቢጃታ፣ ሻላ። እኔ በየመስኮቱ አንገቴን ሳሰግግ ባልንጀራዬና የሥራ ባልደረባዋ ቀና ብለው አላዩም። የሆቴሉን ገንዳ ፎቶ እያዩ ነበር። ይህ ነው ዓላማ ማለት። አምስት ሐይቅ አልፎ፣ ስድስተኛው ሐይቅ ዳር ደርሶ፣ ገንዳ ውስጥ መግባት። (ሐይቁ ውስጥ ዋኙ እያልኩ አይደለም። ጉማሬ አለ። ቢያንስ ግን ሰላም ይባላል።)

የሆቴሉን ስም አልነግራችሁም። ክፍሉን ግን ልንገራችሁ፤ ሻንጣ ተሸክሜ ገብቼ አይቼዋለሁና። ሻወሩና አልጋውን የሚለየው መስታወት ነው። ጥርት ያለ መስታወት። መጋረጃ የለውም። ዲዛይኑን ያወጣው ሰው፣ በዓለም ላይ ሁለት ሴት ጓደኛሞች አንድ ክፍል ይዘው ሊያድሩ እንደሚችሉ አልታየውም። ወይም ታይቶት ይሆናል፤ ጓደኝነት እንዲጠነክር ብሎ። አንዷ ስትታጠብ ሌላዋ ኮሪደር ላይ ቆማ ትጠብቃለች። በሁለት ቀን ውስጥ ከጽዳት ሠራተኞቹ ጋር በስም ተዋወቁ። ከከተማው ሰው የተዋወቁት እንግዲህ እነሱን ብቻ ነው።

መብራቱም ዘመናዊ ነው፤ አያሳይም። ቻርጀር መሰኪያ ለመፈለግ የስልክ ባትሪ ያስፈልጋል። ባትሪው ደግሞ አልቋል። ሙቅ ውሃው ጠዋት 12 ሰዓት ላይ መጥቶ፣ ሰው እንዳያስቸግር ብሎ 1 ሰዓት ላይ ይሄዳል።

እኔ የት አደርኩ? ከሆቴሉ ራቅ ያለ ፔንሲዮን። ግድግዳው አረንጓዴ ቀለም፣ አንሶላው ባለ አበባ፣ ውሃው የሚፋጅ። ፎቶ ላይ ግን ያሳፍራል። ስለዚህ እኔም እንደ ሥልጡን ሰው ማታ ሆቴሉ ሰገነት ላይ ወጥቼ አንድ ማኪያቶ አዘዝኩ። በአንድ ማኪያቶ 23 ፎቶ ተነሳሁ። ከፔንሲዮን ያመጣኝ የባጃጅ ሹፌር ሲመልሰኝ «አንተም እንደነሱ ነህ?» አለኝ። ቅዳሜና እሁድ ሥራው ሰው ከሆቴል ወደ ሆቴል ማመላለስ ነው። ይገባሉ፣ ይነሳሉ፣ ይወጣሉ። «ሐይቅ ውሰደኝ የሚል የለም?» አልኩት። «አለ፤ የገጠር ሰው» አለኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ተንሳፋፊ ቁርስ።

ለማታውቁት፦ ቁርስህን ትልቅ የስፌት ትሪ ላይ ይደረድሩትና ገንዳው ላይ ያንሳፍፉልሃል። አንተ ውሃ ውስጥ ሆነህ ትበላለህ። ማለቴ ትነሳለህ። እሁድ ጠዋት አስተናጋጁ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ ትሪውን እንደ ታቦት በጥንቃቄ ገፋው። እንቁላል ፍርፍር፣ ፓንኬክ፣ የማንጎ ጭማቂ፣ አንድ ቀይ ጽጌረዳ። ባልንጀራዬ ገባች። ባልደረባዋ ከላይ አነሳቻት። ከጎን አነሳቻት። «አሁን እንደምትስቂ ሁኚ።» ሳቀች። «አይ፣ ሳታውቂ እንደምትስቂ።» እንቁላሉ ቀዘቀዘ። ጭማቂው ከላይ ውሃ፣ ከታች ማንጎ ሆነ። አርባ ደቂቃ ሲሞላ አንድ ሕፃን ከወዲያ ማዶ ዘሎ ገባ። ማዕበል ተነሳ። ፓንኬኩ ክሎሪን ጠጣ።

ጣይቱ ሆቴል ሲከፈት ሰው ከፍሎ መብላት ግር ብሎት፣ ምኒልክ መኳንንቱን ገፋፍተው ላኩ ይባላል። ያኔ ከፍሎ መብላት አስቸገረን። ዛሬ ከፍሎ አለመብላት ላይ ደርሰናል።

አከፋፈሉም ቢሆን ጥበብ አለው። ዋጋው ጎን ሁለት ትንንሽ የመደመር ምልክት አለች። ፕላስ ፕላስ። ዋጋው 10,000 ብር ከሆነ በመጀመሪያ 10 በመቶ የአገልግሎት ይጨመራል፤ 11,000። ቀጥሎ በዚያ ላይ 15 በመቶ ቫት፤ 12,650። ባልንጀራዬ ገበያ ላይ ለአንድ ኪሎ ቲማቲም አምስት ብር የምትከራከር ሴት ናት። እዚህ ቃል አልወጣትም። ፈርማ፣ ደረሰኙን አጣጥፋ፣ ለእንግዳ ተቀባዩ ፈገግ አለች። ጨዋነት ማለት ይህ ነው።

እኔ በዚያው ሰዓት ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ነበርኩ። ጀልባዎቹ ገብተዋል። ልጆቹ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ በቢላ እየገፈፉ ሆድቃውን ወደ ኋላ ይወረውራሉ። አባ ኮዳዎቹ፣ እነዚያ መላጣ ሽማግሌ የሚመስሉት ትልልቅ ወፎች፣ ካፖርት እንደለበሰ የቀበሌ ሰው ተሰልፈው ይጠብቃሉ። አንዱ ሹልክ ብሎ ከሰልፍ ሲወጣ ሌላው በመንቁሩ መታው። ሾርባዬን ይዤ ሳቅሁ። ሳላውቅ ነው የሳቅሁት። የሚያነሳኝ ሰው ግን የለም። እንግዲህ ባከነ ማለት ነው።

ድሮ ሰው ሀዋሳ ሲሄድ ዘመድ ቤት ነበር የሚያርፈው። እንዴት ያለ ኋላ ቀርነት! ሦስተኛው ቡና ካልተጠጣ አትወጣም። «ከሳህ» ትባላለህ። መቼ ነው የምታገባው ትባላለህ። ከዚህ ሁሉ ጣጣ የገላገለን ሆቴል ነው። ባልንጀራዬም ሀዋሳ ውስጥ አክስት አለቻት። ከሆቴሉ በባጃጅ አሥር ደቂቃ። አልደወለችላትም። የምን መንዛዛት ነው፣ ሁለት ቀን ብቻ ናት።

ወደ አዲስ አበባ ስንመለስ ሻሸመኔ ላይ ፎቶዎቹን ለቀቀቻቸው። ገንዳ፣ ትሪ፣ ጽጌረዳ፣ የፕላስቲክ ሣር። ሐይቁ አንዱም ላይ የለም። ዝዋይ ሳንደርስ ሰዉ መገመት ጀመረ። «ዱባይ ነው?» «ኩሪፍቱ ነው አይደል?» «ዛንዚባር! አወቅኩት!» ባልንጀራዬ ልቧ ጮቤ ረገጠ። ስልኩን አንዴ ለኔ፣ አንዴ ለባልደረባዋ ታሳያለች።

ቆቃ አጠገብ አክስቷ ጻፉ፦

«የኔ ቆንጆ፣ እንዴት አምሮብሻል! የት አገር ሄደሽ ነው? ስትመለሺ በሀዋሳ በኩል ብቅ በይልኝ።»