ማን ያውቀኛል እዚህ?

እማዬን ጉልበቷን ካመማት ቆየ። የምትኖረው ኮዬ ፈጬ፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ዊልቸር ስንላት "ቆሜ እየሄድኩ?" ብላ ትቆጣለች። ከዘራዋን እንኳ የያዘችው "ለጭቃው ነው" በሚል ሰበብ ነው።

አምና እኛ ጋ አሜሪካ ስትመጣ የልጅ ልጆቿ ዲዝኒ ወርልድ ካልሄድን አሉ። እዚያ ደግሞ እግር ይጠይቃል። ኤፕኮት የሚባለው ፓርክ ውስጥ ሐይቁን ዞሮ የ11 አገሮችን ቤቶች ለማየት ብቻ ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ይኬዳል። ምን እንያዝላት? ባለ መቀመጫ፣ ባለ አራት ጎማ መደገፊያ አለ፤ ግን በእሱም ቢሆን የምትሄደው በእግሯ ነው። ዊልቸር ብንይዝ ገፊው እኔ ነኝ፣ ያውም በፍሎሪዳ ሙቀት። የቀረው በባትሪ የሚሄድ ስኩተር ነው። ፓርኩ ያከራያል፣ ግን ቀድሞ ለደረሰ ነው፤ ከዚያው ፓርክም አይወጣም። የውጭ አከራዮች ሆቴል ድረስ ያመጡታል፣ አውቶቡስም ላይ ይወጣል። እሱን ያዝን። አብዛኛው መጫወቻ ላይ ከስኩተሩ ወርዶ መቀመጥ ግድ ነው፤ ጥቂት እርምጃ ስለምትችል አላስቸገራትም።

እኔ የፈራሁት እምቢታዋን ነበር። ነጠላዋን ሰብስባ ቁጭ አለች፣ መሪውን ጨበጠች፣ ከዚያ ማን ይያዛት! የፍጥነቱ ማዞሪያ ላይ በአንድ በኩል ኤሊ፣ በሌላው ጥንቸል ተስሏል። እማዬ ኤሊዋን ዞር ብላም አላየቻት። "ይሉኝታሽ የት ሄደ?" ስላት "ማን ያውቀኛል እዚህ?" አለችኝ። ከአፍሪካ የራሷ ቤት ያላት ሞሮኮ ብቻ ናት፤ እዚያ ስንደርስ ፍሬን ይዛ "የኛስ?" ብላ ጠየቀች።

ስትመለስ ባለ ጎማውን መደገፊያ ገዝቼ ሸኘኋት። ጥፋቴ የገባኝ ዘንድሮ ኮዬ ስሄድ ነው። ትንንሾቹ ጎማዎች ለሞል ወለል የተሠሩ ናቸው። ኮብልስቶኑ መሃል የፊተኛው ይሰነቀርና እማዬ ወደፊት ትደፋለች። ትልልቅ ጎማ ያለውን መግዛት ነበረብኝ። እሱስ ቢሆን ሊፍት በሌለበት ደረጃውን በምን ይወርዳል? በ2001 የወጣው የሕንፃ አዋጅ፣ ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ለዊልቸር የሚመች መግቢያ ይኑረው ብሎ ነበር። ጡረታዋን የምታወጣበት ባንክ እውነትም መወጣጫ ሠርቷል። ጫፉ ላይ ጄኔሬተር ቆሟል።

እማዬ ደረጃውን የምትወርደው የጎረቤት ልጅ ደግፏት ነው። እኛ ውጭ ያለነው "አገር ቤት እኮ ሰው አለ" ማለት እንወዳለን፤ እኔም ስንቴ ብያለሁ። ልጁ ግን ሥራ አለው። እሱ ካልመጣ ቤተ ክርስቲያንም ይቀራል። "ስንቴ ላስቸግረው?" ትላለች።

መደገፊያው ሳሎን ቆሟል፣ መቀመጫው ላይ ረከቦት ተቀምጦበታል። ባለፈው ደውላ "ያቺ ሞተር ስንት ትሸጣለች?" አለችኝ።

"የት ልትነጂያት ነው እማዬ?"

"ኮሪደሩ ላይ። በኤሊዋ እሄዳለሁ።"