ሠላሳ ሺህ ብለን የምናልፋቸው

አሜሪካኖች ዲሴምበር 7ን ሲያስቡ ሳይ ያናድደኛል። ቅናት ነው መሰለኝ።

ቀኑ ሥራ አያዘጋም። ገበያው ለገና ሽር ጉድ ይላል፤ እኔም እዚህ ዋሽንግተን ታክሲዬን እነዳለሁ። ግን የመንግሥት መሥሪያ ቤቱ ባንዲራ እስከ ማታ ዝቅ ብሎ ይውላል። እ.ኤ.አ. በ1941 በዚያ እሑድ ጠዋት የጃፓን አውሮፕላኖች ሃዋይ ላይ ፐርል ሃርበርን ደብድበው 2,403 አሜሪካዊ ገደሉ። ልብ በሉ፣ «ሁለት ሺህ አራት መቶ ገደማ» አይሉም። ሦስቷን ሰው አይጥሏትም።

አንድ ዓመት በዚያው ቀን ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መታሰቢያ የሚሄዱ ሽማግሌ ጫንኩ። አጎታቸው አሪዞና የምትባለው መርከብ ላይ ነበር። መርከቧ ብቻዋን 1,177 ሰው ይዛ ሰጥማለች። ከባንዷ 21 ሙዚቀኞች አንድ እንኳ አልተረፈም። ሽማግሌው ስልካቸውን አውጥተው ስም የተቀረጸበትን የዕብነ በረድ ግድግዳ ፎቶ አሳዩኝ። በሁለት ጣት እየለጠጡ፣ እየለጠጡ፣ አንድ መስመር ላይ ደረሱ። «ይኸው እሱ» አሉኝ። አጎታቸው ሲሞት እሳቸው ገና አልተወለዱም!

ጦርነቱ እናንተ አገር ደርሶ ነበር ወይ ብለው ጠየቁኝ። «እናንተ ስትጀምሩ እኛ ጨርሰን ነበር» አልኳቸው። እውነቴን ነው። ፐርል ሃርበር ሲመታ የመጨረሻው የጣልያን ጦር ጎንደር ላይ እጁን ከሰጠ ገና አሥር ቀኑ ነበር። ከቤተሰብህ የሞተ አለ ሲሉኝ፣ የአያቴ ወንድም በየካቲት 12 አልኳቸው። ስሙስ? አያቴ «ጋሼ» ነበር የምትለው። ሌላ ስም አልነገረችንም፣ እኛም አልጠየቅናት። መብራቱ አረንጓዴ ሆነልኝና ተገላገልኩ።

ፍጹም ናቸው ማለቴ አይደለም። ከጥቃቱ በኋላ ከ110 ሺህ በላይ የጃፓን ዘር ያላቸው ሰዎችን፣ አብዛኞቹ የገዛ ዜጎቻቸው፣ ካምፕ ውስጥ አጉረዋል። በዕለቱ ንግግር ላይ ይህችን ዘለል ያደርጓታል።

ወደ እኛ እንምጣ። የካቲት 12 ቀን 1929። የጣልያኑ ገዢ ግራዚያኒ ገነተ ልዑል ግቢ ለድሃ ምጽዋት እሰጣለሁ ብሎ ሕዝብ ሰበሰበ፤ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ወረወሩበት። ከዚያ ሦስት ቀን ሙሉ ጥቁር ሸሚዝ ለባሹ ፋሺስት ጎጆውን ከነሰዉ አቃጠለ፤ በአካፋና በዶማ ሳይቀር ሰው ጨፈጨፈ። ስንት ሰው አለቀ? ሠላሳ ሺህ እንላለን። ኢያን ካምቤል የተባለው ታሪክ ጸሐፊ ወደ 19 ሺህ ይገምታል። በመሃል 11 ሺህ ሰው አለ እኮ! ያኔ አገሩን የያዘው ገዳዩ ነው፣ ማን ይቁጠር፣ ይገባኛል። ከነጻነት በኋላስ?

ባለፈው የካቲት 12 ለወንድሜ አዲስ አበባ ደወልኩ። «ስድስት ኪሎ መንገድ ዘግተው አረፈድኩ» ብሎ ተነጫነጨብኝ። ለምን ዘጉት? «አበባ ያስቀምጣሉ መሰለኝ።» አልፈረድኩበትም። እኛ ጋ የሰማዕታት ሐውልት የቀጠሮ ቦታ ነው፣ «ከአንበሳ ግቢው ፊት ለፊት ጠብቂኝ» የሚባልበት።

እዚህ ያለነው ደግሞ ብሰናል። ከጓደኞቼ ጋር ሆነን ለመታሰቢያው ዝግጅት ከየቤተሰቡ ስም ለቀምን። የአባት አጎት፣ ጉለሌ ከነቤቷ የተቃጠለች አክስት፣ ከሆለታ ጦር ትምህርት ቤት የወጣ ወጣት። እኔም ዘመድ አዝማድ ጋ ስደውል ከርሜ የጋሼን ስም አገኘሁ። ከሁሉ በላይ ግን ስምዖን አደፍርስን ጻፍኩ። አብርሃንና ሞገስን በታክሲው ከከተማ ያወጣቸው እሱ ነው። ጣልያን ይዞ አሰቃይቶ ገደለው። የሙያ ባልደረባዬ ነውና ስሙን በማይክ እኔው እንድጠራው ጓደኞቼ ፈቀዱልኝ።

አሥር ሰዓት የተባለው ዝግጅት አሥራ ሁለት ሰዓት ተጀመረ። የመክፈቻ ንግግር ተደረገ። ከዚያ የክብር እንግዳውን የሚያስተዋውቀው ሰው ተዋወቀ። እንግዳው ስለ የካቲት 12 ሁለት ደቂቃ፣ ስለ ራሱ አርባ ደቂቃ ተናገረ። ወረቀቴን ይዤ መድረኩ ሥር ቆሜያለሁ። አንዱ አስተባባሪ ጠጋ ብሎ «ወንድሜ፣ ሰዓት የለንም፤ ስሞቹን ፌስቡክ ላይ እንለጥፋቸዋለን» አለኝ። ቀጥሎ የአውሮፕላን ቲኬት ሎተሪ ወጣ። የመጀመሪያው ዕጣ ባለቤት ወደ ቤቱ ሄዷል፣ እንደገና ይውጣ ተባለ። የሎተሪው ቁጥር አንድ በአንድ፣ ሁለት ሁለት ጊዜ፣ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ተነበበ።

ፌስቡኩን እስካሁን አያለሁ። የተለጠፈው የቲኬቱ አሸናፊ ፎቶ ነው።

ሰሞኑን ኮሚቴው ለዘንድሮው ደወለልኝ። ስለ ስም ዝርዝሩ መስሎኝ ደስ ብሎኝ አነሳሁ። ታክሲዬ ሰፊ ስለሆነች ወንበር እንዳመላልስላቸው ነው።