የፊርማው ቀን የሂሳብ ደረጃ ወይስ የዛሬው?

ብዙ የብድር ውል ውስጥ «ሂሳቡ በአይ ኤፍ አር ኤስ (በዓለም አቀፉ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃዎች) መሠረት ይሠራል» የሚል አንቀጽ ይገባል። የየትኛው ዓመት አይ ኤፍ አር ኤስ? ውሉ ሲፈረም የነበረው ወይስ በየጊዜው የሚሻሻለው? አንዲት የውል ጠበቃና አንድ ኦዲተር በዚህ ተከራክረዋል።

ጠበቃዋ፦ የፊርማው ቀን ደረጃ ነው መጻፍ ያለበት። በቁጥር ላሳይ። የአንድ ድርጅት ካፒታል 50 ሚሊዮን ብር፣ የባንክ ዕዳው 90 ሚሊዮን ነው እንበል። ውሉ «ዕዳ ከካፒታል ሁለት እጥፍ አይበልጥም» ይላል። 1.8 እጥፍ ስለሆነ ሰላም ነው። ድርጅቱ ሱቆችን በዓመት 10 ሚሊዮን ብር ለአምስት ዓመት ተከራይቷል። በድሮው የኪራይ ሂሳብ ደረጃ፣ በአይ ኤ ኤስ 17፣ ይህ ተራ የኪራይ ወጪ ነበር። እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2019 ጀምሮ ግን እሱን በተካው አይ ኤፍ አር ኤስ 16 የቀሪው ዘመን ኪራይ ዕዳ ሆኖ ይመዘገባል። በ15 በመቶ ወለድ ወደ ዛሬ ዋጋ ሲመለስ 33.5 ሚሊዮን ገደማ ይሆናል። የዕዳና የካፒታል ሬሾው 2.5 ሊደርስ ምንም አልቀረው! አንድ ሳንቲም ሳይበደር ውል አፍርሷል ይባላል። ባንኩ ከፈለገ ብድሩን በሙሉ አሁኑኑ ክፈል ሊለው ይችላል። ፍርድ ቤት ቢሄድስ? የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1733 ግልጽ የሆነን የውል ቃል ዳኛ በትርጉም እንዳይለውጠው ይከለክላል።

ኦዲተሩ፦ ስሌትሽ ልክ ነው። ግን ያ 33.5 ሚሊዮን ድሮም ነበር፤ አይታይም ነበር እንጂ። የዓለም አቀፉ የሂሳብ ደረጃዎች ቦርድ እ.ኤ.አ. በ2016 እንደገለጸው፣ አክሲዮናቸው በገበያ የሚሸጥ ኩባንያዎች 3.3 ትሪሊዮን ዶላር ገደማ የኪራይ ግዴታ ነበረባቸው። ከ85 በመቶ በላዩ ሀብትና ዕዳ መግለጫቸው ላይ አልነበረም። አበዳሪ ይህን አይቶ ቢወስን ምን ነውር አለው?

ደግሞ አዋጅ ቁጥር 847/2006 አይ ኤፍ አር ኤስን ግዴታ አድርጓል። እኔ የምፈርመው በሥራ ላይ ባለው ደረጃ በተዘጋጀ ሂሳብ ላይ ነው። አንቺ እንደምትዪው ከሆነ፣ በ2010 ዓ.ም. የተፈረመ የ15 ዓመት ብድር ያለበት ድርጅት ታዲያ ለባንኩ ሌላ ሂሳብ ሊሠራ ነው። ትናንት የተቀጠረችው አካውንታንት ተምራው የማታውቀውን ደረጃ ኤክሴል ላይ ስትቆጥር ትውላለች። እሱንስ ማን ኦዲት ያደርገዋል?

ጠበቃዋ፦ ኧረ አታካብደው! የአዲሱን ሂሳብ ወደ ድሮው የሚመልሰው ማስታረቂያ አንድ ገጽ ነው። የኪራይ ዕዳውን ትቀንሳለህ፣ በቃ። ካልሆነም አሜሪካኖቹ የብድር ውል ላይ የሚያስገቡት መላ አለ። የደረጃ ለውጥ ሬሾውን ከነካ አንዱ ወገን ለሌላው ያሳውቃል፣ በቅን ልቦና ይደራደራሉ፣ እስኪስማሙ በድሮው ይሰላል።

ኦዲተሩ፦ ወረቀት ላይ ያምራል። የድሮው ስሌት የጠቀመው ሰው ግን ምን ቆርጦት ይስማማል? ዝም ብሎ ይቀመጣላ! ከዚያ ይልቅ የዛሬው ደረጃ ይጻፍና ገደቡ ከፍ ይበል። ኪራይ ከተጨመረ ሁለት እጥፍ የነበረው ሁለት ተኩል ይሁን።

ጠበቃዋ፦ ገደቡን ከፍ የሚያደርገው ባንኩ ነው፤ በነጻም ላያደርገው ይችላል። የማሻሻያ ክፍያ ይጠይቃል፣ ወለድም ይጨምር ይሆናል። ተበዳሪው ምን አጠፋና ይከፍላል? እሺ፣ በደረጃው ካልተስማማን «ዕዳ» የሚለውን እዚያው ውሉ ላይ እንፍታው፦ የባንክ ብድር ብቻ፣ የሱቅ ኪራይ አይጨምርም። ከዚያ በኋላ የፈለግከውን ዓመት ደረጃ ጻፍ።