ቤት ለእንቦሳ!

አጎቴ ጠንቃቃ ሰው ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። የአጥራቸው ግንብ ላይ የጠርሙስ ስባሪ ተተክሏል። የግቢው በር ብረት ነው፤ ሁለት ቁልፍ አለው። ውሻቸው ጎረቤትም አያውቅ። የቤቱ ካርታ ሣጥን ውስጥ ነው። የሣጥኑ ቁልፍ ደግሞ ባለቤታቸው እትዬ መቀነት ውስጥ። ማታ መቀነቱ ሲፈታ ቁልፉ ትራስ ሥር ይገባል።

የዚያው ካርታ ስካን ግን ሳሎን ያለው ኮምፒውተር ላይ፣ ዴስክቶፑ መሀል ተቀምጧል። ፎልደሩ ስም አለው፤ «በጣም ሚስጥር» ይላል። ሌባው ፍለጋ እንዳይደክም አስበው ነው መሰለኝ። ውስጡ የቤተሰቡ ሁሉ ፓስፖርት፣ የጋብቻ ወረቀት፣ የባንክ ደብተር ፎቶ፣ ከዚያ «ፓስወርድ» የሚባል የወርድ ፋይል አለ። ምን የቀረ መስተንግዶ አለ?

እንግዳ ተቀባይነታችን ጠፋ ሲባል የምናደደው ለዚህ ነው። የት ይጠፋል? ኮምፒውተር ውስጥ ገብቶ ነው።

ዊንዶውሱን የጫነላቸው የሰፈር ልጅ ነው። ልጁ ከፍላሹ ክራክ፣ ያው ዊንዶውሱን ሳይከፈልበት የሚያሠራውን ፋይል፣ ሲያወጣ ኮምፒውተሩ «አደገኛ ፋይል!» ብሎ ጮኸ። «ይሄ ዝም ብሎ ነው የሚጮኸው» አለና አንቲቫይረሱን አጠፋው። እስቲ አስቡት፤ የማያውቁት ሰው በራቸውን አንኳኩቶ «መጀመሪያ ውሻውን ያስሩልኝና ሥራዬን ልሥራ» ቢላቸው፣ ጋሼ በከዘራ ነበር የሚያባርሩት። ለዚህኛው ግን ሻይ አስፈሉለት።

አፕዴቱም ተዘግቷል። ፓኬጅ ይበላላ! በ2009 ዓ.ም. ግንቦት 4 ቀን ዋናክራይ የሚባለው ቫይረስ ተነስቶ በ150 ገደማ አገሮች ኮምፒውተር ሲቆልፍ፣ የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ሳይቀሩ ቀጠሮ ሰርዘዋል። ማስፈቻው 300 ዶላር ነበር፤ በሦስት ቀን ካልተከፈለ 600። ቫይረሱ የገባበትን ቀዳዳ የሚደፍነውን አፕዴት ማይክሮሶፍት ያወጣው መጋቢት 5 ነው። ሁለት ወር ቀድሞ! የሙት አርባ እንኳ ወጥቶ ጊዜ ይተርፋል። ጋሼ ግን በዚህ አይደነግጡም። ባለፈው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው መደበኛ ድጋፍ ማብቃቱን ነገርኳቸው። «ተመስገን፣ እኔ ድሮም 7 ነኝ» አሉኝ። የ7 ድጋፍ ያበቃው ጥር 2012 ነበር። ደስታቸውን ማን ያበላሻል? ዝም አልኩ።

እኔ ከሁሉ የምወደው የፍላሹን ጉዞ ነው። ፍላሹ ከግቢው ቁልፍ ጋር አንድ ላይ ተንጠልጥሎ ፎቶ ኮፒ ቤት ይሄዳል። የፎቶ ኮፒ ቤቷ ኮምፒውተር የሰፈሩን መታወቂያ፣ ሲቪ፣ የኪራይ ውልና የዲቪ ፎቶ በሙሉ ይዛለች፤ ወረዳው የማያውቀውን ታውቃለች። ልጅቷ ፍላሹን ሰክታ «አባባ፣ የቱ ነው?» ትላለች። «በጣም ሚስጥር የሚለው ነው ልጄ!» ይላሉ ጋሼ፣ ጆሮዋ በደንብ እንዲሰማ ጮክ ብለው። የተሰለፈው ሁሉ አንገቱን ያሰግጋል። ጋሼ የካርታውን ኮፒ ይዘው ይመለሳሉ። ፍላሹም የራሱን ይዞ ይመለሳል።

ቤት ሲደርሱ ፍላሹ ላይ ያሉት ፎልደሮች ቀስት አውጥተዋል። ሾርትከት ቫይረስ የሚባለው ነው፤ ዋናውን ፎልደር ይደብቅና በስሙ እሱ ይቀመጣል። «ቤት ለእንቦሳ!» ይላል። ጋሼም ቀስቷን ሁለት ጊዜ ጫን ጫን፤ «እንቦሳ እሰሩ!»

መጠባበቂያ የላቸውም እንዳትሉ። አላቸው። «በጣም ሚስጥር 2» ይባላል፤ እዚያው ኮምፒውተር ላይ። ልጃቸው ከሜሪላንድ ሃርድ ዲስክም ልኮላቸዋል። እንዳይጠፋ ብለው አንዴ ኮምፒውተሩ ላይ ሰኩት፤ እንደተሰካ አለ። ፋይል የሚቆልፍ ቫይረስ ቢመጣ ሁለቱንም በአንድ ጉዞ ይጨርሳል፤ የታክሲ እንኳ አያወጣም።

ባለፈው ደግሞ «ዲቪ ደርሶዎታል» የሚል ኢሜይል መጣላቸው። የአሜሪካ መንግሥት ደረሰህ ብሎ ኢሜይል አይልክም፤ ውጤቱን የሞላው ሰው ራሱ ድረ ገጹ ላይ በኮንፈርሜሽን ቁጥሩ ገብቶ ነው የሚያየው። ጋሼ ደግሞ በሕይወታቸው ዲቪ ሞልተው አያውቁም። «ሳልሞላ መድረሱ አይደል ተአምሩ!» ብለው አባሪውን ከፈቱት።

እሑድ የልጅ ልጃቸው ልደት ነበር። ኬኩ ሲቆረስ የተነሱትን ፎቶ በቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ ለቀቁት። ማክሰኞ ልጃቸው ከሜሪላንድ ደወለ።

«አባዬ! ከኋላህ ስክሪኑ ላይ የለጠፍከው ወረቀት እኮ ይነበባል! ፓስወርድህን እስከ መጨረሻዋ ቁጥር አየሁት!»

«ይነበባል? ተባረክ ልጄ! በል ቶሎ ንገረኝና ልጻፍ። እናትህ ስትጠርግ ወረቀቱን ጥላው፣ መክፈት አቅቶኝ ይኸው ሁለት ቀኔ። ፋይሉማ ያለው እዚያው ውስጥ ነው!»