ጃማይካ የምታስፈራው ለየትኛው እንግዳ ነው?

የአክስቴ ልጅ ልታገባ ነው። ለጫጉላ ሽርሽር የመረጠችው ጃማይካን ነው። ሞንቴጎ ቤይ፣ ባሕሩ ዳር፣ አምስት ሌሊት። ሜሪላንድ ሆና ትኬቱን ቆረጠች፣ ክፍሉን ከፈለች፣ ከዚያ አዲስ አበባ ላሉት እናቷ ነገረቻቸው። ስህተቷ ይሄ የመጨረሻው ነው። እትዬ በነጋታው ደወሉልኝ።

"አንተ ልጅ፣ እዚያ አገር ሰው እንደ ዶሮ ነው አሉ የሚገደለው። ወይ ልጅቱን አስቀርልኝ፣ ወይ እኔን አሳምነኝ።"

ማስቀረቱ ከአቅሜ በላይ ነው። ገንዘቡ ተከፍሏል፣ ደግሞም የማይመለስ ነው። ስለዚህ ማሳመን ያዝኩ። እያሳመንኩ ሳለ ግን ጥያቄው ራሱ ቆረቆረኝ። ጃማይካ ለውጭ ሰው ታሰጋለች ወይ ስንል፣ የትኛውን የውጭ ሰው ነው የምንለው?

እትዬ የሰሙት ወሬ ውሸት አይደለም። ጃማይካ ትንሽ ደሴት ናት፤ ስፋቷ 11,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ መቶ ጃማይካ ይገባል። ሕዝቧ 2.8 ሚሊዮን ቢሆን ነው፣ ከአዲስ አበባም ያንሳል። በዚህች ደሴት በ2022 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ወደ 1,500 ሰው ተገደለ። ከ100,000 ሰው ከ50 በላይ ማለት ነው። በጥር 2024 አሜሪካ ዜጎቿን "ጉዞውን ደግማችሁ አስቡበት" ብላ አስጠነቀቀች። ይህ ከአራቱ የማሳሰቢያ ደረጃዎች ሦስተኛው ነው፤ ከሱ በላይ ያለው "አትሂዱ" ብቻ ነው።

ይቺው ደሴት ግን በ2024 ከ4 ሚሊዮን በላይ ጎብኚ አስተናገደች። አብዛኛው በመርከብ መጥቶ ጥቂት ሰዓት ቆይቶ የሚሄድ ወይም ሆቴል ውስጥ ሳምንት የሚከርም ነው። የሚመለሰውም ቆዳው በፀሐይ ተለብልቦ፣ ኪሱ ሳስቶ ነው፤ ሌላ ምንም ሳይሆን። ሁለቱም እውነት ናቸው። ሁለቱ እንዴት አብረው እንደሚኖሩ ለመረዳት ግን ከሞንቴጎ ቤይ ራቅ ብሎ ዋና ከተማዋ ኪንግስተን መግባት ያስፈልጋል። እዚያ ደግሞ፣ የሚገርመው፣ የእኛም ታሪክ ጫፉ ይገኛል።

ሚያዝያ 1966 አፄ ኃይለ ሥላሴ ጃማይካ ሲገቡ አውሮፕላን ማረፊያው በሰው ተጥለቀለቀ። ወደ 100,000 ሰው ነበር ይባላል። ራስታዎቹ አጥሩን ጥሰው አስፋልቱ ላይ ፈሰሱ፤ ንጉሡም ለረጅም ጊዜ ከአውሮፕላኑ መውረድ አልቻሉም። ይህን ብዙዎቻችን እናውቃለን፣ ፎቶውንም አይተናል። ቀጥሎ የሆነውን ግን ማንም አይነግረንም። በምዕራብ ኪንግስተን ባክ ኦ ዎል የሚባል የቆርቆሮና የካርቶን ሰፈር ነበር። ከነዋሪዎቹ ብዙዎቹ ራስታዎች ነበሩ። ንጉሡ በመጡ በወራት ውስጥ ቡልዶዘር ገብቶ ሰፈሩን ደረመሰው። በቦታው አዲስ የመኖሪያ መንደር ተሠራ፣ ስሙም ቲቮሊ ጋርደንስ ተባለ። ሥራውን የመሩት የአካባቢው ተመራጭና ሚኒስትር የነበሩት ኤድዋርድ ሲያጋ ናቸው፤ ኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነዋል። ቤቱ የደረሰው ለማን ነው? ለፓርቲያቸው ደጋፊዎች።

ጃማይካውያን እንዲህ ያለውን ሰፈር "ጋሪሰን" ይሉታል፤ የጦር ካምፕ እንደማለት ነው። ሁለቱ ትልልቅ ፓርቲዎች፣ ሌበር ፓርቲና ፒፕልስ ናሽናል ፓርቲ፣ እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ጋሪሰን ተከሉ። ቤትና ሥራ ለደጋፊ፣ መሣሪያ ደግሞ ለሰፈሩ ጎረምሳ። በምርጫው ዓመት በ1980 ወደ 800 ሰው በዚህ ጠብ አለቀ ይባላል። ቆይቶ ኮኬይን መጣ፣ ገንዘቡም ከፖለቲከኛው ወደ ጎረምሳው ኪስ ዞረ። ከዚያ ወዲህ ጎረምሳው ፖለቲከኛውን ማዘዝ ጀመረ። ጃማይካ ውስጥ ሽጉጥ የሚሠራ ፋብሪካ የለም። የሚገድለው መሣሪያ አብዛኛው የሚመጣው ከአሜሪካ፣ በተለይ ከፍሎሪዳ ነው። ማሳሰቢያውን የምታወጣው አገር መሣሪያውንም ትልካለች። ይሄን ለእትዬ አልነገርኳቸውም፤ ነገር ያበዛብኛል።

በነሐሴ 2009 አሜሪካ "ዱዱስ" የሚባለውን የቲቮሊ ጌታ ክሪስቶፈር ኮክን አሳልፋችሁ ስጡኝ አለች። በግንቦት 2010 ወታደርና ፖሊስ ሰፈሩን ከበው ገቡ። ወደ 70 የሚጠጉ ሲቪሎች ሞቱ። ሰውየው ግን በዚያ ውጊያ አልተያዘም፤ የተያዘው በሌላ ቀን መንገድ ላይ ነው። ኋላ ኒው ዮርክ ውስጥ 23 ዓመት ተፈረደበት። የዚያ ሰሞን የሞንቴጎ ቤይ ሆቴሎች በራቸውን አልዘጉም። በመኪና ሦስት ሰዓት ቢርቅ ነው።

የግድያው ካርታ እንግዲህ ይህን ይመስላል። የሚገድለውም የሚሞተውም በአብዛኛው የድሃ ሰፈር ወጣት ወንድ ነው። ቱሪስቱ እዚህ ታሪክ ውስጥ የለም። እሱን ማንም አይፈልገውም፤ እንዲያውም አገሩ የሚበላው ከሱ ስለሆነ ብዙ ዓይን ይጠብቀዋል።

ይህ ማለት ግን በሪዞርቱ ግድግዳ ውስጥ ያለ ሰው ምንም አይነካውም ማለት አይደለም። እዚህ ላይ ነው ከአስጎብኚ ድርጅቶች ጋር የማልስማማው። "ከሪዞርቱ አትውጡ፣ ሰላም ናችሁ" ይላሉ። የአሜሪካው ማሳሰቢያ ግን ወሲባዊ ጥቃት ምግቡም መጠጡም ተከፍሎ በሚገባባቸው ሪዞርቶች ውስጥ ጭምር እንደሚደርስ በግልጽ ጽፏል። በ2018 የአሜሪካ ጋዜጦች ይህንኑ ጉዳይ ሲያወጡ፣ በአንዳንዶቹ አቤቱታዎች የተጠረጠሩት የሆቴል ሠራተኞች ነበሩ። ግድግዳ የውጭውን ሌባ ያስቀራል። ቁልፍ የያዘውን ሰው አያስቀርም። ስለዚህ ለሙሽሪት የነገርኳት ይሄ ነው፦ የበሩን የውስጥ መቀርቀሪያ ዝጊ፣ መጠጥሽን ጥለሽ አትነሺ፣ ታክሲ ስትይዙ ታርጋው ቀይ መሆኑን እዩ። ቀይ ታርጋ ሕጋዊ የሕዝብ ማመላለሻ ነው። ባልሽ ደግሞ መኪና ተከራይቶ "እነዳለሁ" ካለ ተይው በይው። መኪናው በግራ ነው የሚሄደው፣ መንገዱ ጠባብና ጠመዝማዛ ነው፣ በክፉ ዓመት ከ400 በላይ ሰው በመኪና አደጋ ይሞታል።

ጋንጃንም አነሳሁላት፣ ሳቀች። ሳቅሽን ትተሽ ስሚኝ አልኳት። ሰው ጃማይካ ሁሉ ነገር ፈቅዳለች ብሎ ያስባል። በ2015 የተሻሻለው ሕግ ትንሽ፣ እስከ ሁለት አውንስ፣ ይዞ መገኘትን በገንዘብ ቅጣት ብቻ የሚታለፍ አደረገው እንጂ ለቱሪስት መንገድ ላይ መሸጥን አልፈቀደም። አውሮፕላን ማረፊያ ይዞ መገኘትማ ጉዳዩ ሌላ ነው።

የግድግዳው ነገር ከተነሳ አንድ ነገር ልጨምር። በቅኝ ግዛት ዘመን በ1956 የወጣው የባሕር ዳርቻ ሕግ ለጃማይካዊው ባሕሩን የመድረስ አጠቃላይ መብት አይሰጠውም። አሸዋማው ዳርቻ ለሆቴል ሲሰጥ የአካባቢው ልጅ በአጥሩ በኩል ነው የሚያየው። አጥሩ ለእንግዳው ደኅንነት ነው የሚባለውን ስሰማ ይሄ ይመጣብኛል።

አሁን ወደ ሁለተኛው የውጭ ሰው ልሂድ። ይሄኛው ጃማይካን ረግጧት አያውቅም። አሜሪካ ውስጥ ሳሎኑ ተቀምጦ ቴሌቪዥን የሚያይ ጡረተኛ ነው። ስልኩ ይጮሃል። "እንኳን ደስ አለዎት፣ ሎተሪ ደርሶዎታል፤ ግብሩን ብቻ አስቀድመው ይላኩልን።" ይልካል። ደግመው ይደውላሉ፣ ደግሞ ይልካል። ቤቱን የሸጠ አለ። የዚህ የሎተሪ ማጭበርበር ዋና መንደር ሌላ ቦታ እንዳይመስላችሁ፤ ራሷ ሞንቴጎ ቤይና ዙሪያዋ ናት። የጥሪ ማዕከሎች እዚያ ሲከፈቱ ወጣቱ የአሜሪካንኛ አነጋገሩን ተማረ፣ የደንበኞች ስም ዝርዝርም ከእጅ ወደ እጅ ገባ። ከዚያ በዚያ ዝርዝር መጋደል መጣ። በ2017 ሞንቴጎ ቤይ ባለችበት በሴንት ጄምስ ብቻ 335 ሰው ተገደለ። በጥር 2018 መንግሥት እዚያ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጀ። አዋጁ ምን እንደሚመስል ለእኛ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። እንግዲህ በደሴቷ ወንጀለኞች ብዙ ገንዘብ ከተዘረፉት የውጭ ሰዎች መካከል ከቤታቸው ያልወጡ አሉ።

ሦስተኛው ግን እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ነው። ይሄኛው እዚያው የተወለደ ነው። በወጣትነቱ እንግሊዝ ሄዶ አውቶቡስ ነዳ፣ ሚስቱ ሆስፒታል ሠራች፣ 40 ዓመት ብርድ ጠጡ። ጡረታ ሲወጡ ያጠራቀሙትን ይዘው ማንዴቪል ወይም ሌላ ቀዝቀዝ ያለ ኮረብታ ላይ ትልቅ ቤት ሠሩ። ፓስፖርታቸው የእንግሊዝ ስለሆነ ሲገደሉ "የውጭ ዜጋ ተገደለ" ተብሎ ነው የሚጻፈው። እንዲህ ያሉ ተመላሾች ለዓመታት ተገድለዋል። በ2018 ፖርትላንድ በተባለው ክፍለ አገር ባልና ሚስት ቤታቸው ውስጥ ሞተው ሲገኙ ነገሩ እንግሊዝን አነጋገረ። እነዚህን ሰዎች አደጋ ላይ የሚጥላቸው አለመተዋወቅ አይደለም፤ መተዋወቅ ነው። ጡረታው በፓውንድ መሆኑን፣ በየትኛው ቀን ባንክ እንደሚሄዱ፣ ቤት ውስጥ ሁለት ሽማግሌ ብቻ እንዳለ የሚያውቅ ሰው አለ። ግንበኛው ያውቃል። አትክልተኛው ያውቃል። የወንድም ልጅ ያውቃል። ቱሪስት ግን ስሙን የሚያውቅ የለም፣ በአምስተኛው ቀን ይሄዳል።

ማሳሰቢያው ግን ቱሪስቱንና ተመላሹን አይለይም። አንድ ቀለም ቀብቶ አንድ ቁጥር ይሰጣል።

በነገራችን ላይ ነገሩ ተሻሽሏል። በ2024 የተገደለው ሰው ከ1,100 በላይ ነበር፤ በ2025 ከ700 በታች ወረደ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ እንዲህ ዝቅ ብሎ አያውቅም። በግንቦት 2025 አሜሪካም ማሳሰቢያዋን ወደ ደረጃ 2 አወረደች። ጠቅላይ ሚኒስትር አንድሩ ሆልነስ በዚህ ይኮራሉ፤ እውነትም ያኮራል። ሌላው ቁጥር ግን ብዙ አይወራም። በዚያው ዓመት ፖሊስ ራሱ የገደለው ሰው ከ300 በላይ ነው፣ ከቀደመው ዓመት እጅግ ጨምሯል። እሱም የሚሆነው በነዚያው ሰፈሮች ነው። ቱሪስቱ የሚያየው የተሻሻለውን ደረጃ ነው። የምዕራብ ኪንግስተኗ ሰፈር የዴንሃም ታውን እናት ግን ልጇ ማታ ሲዘገይ አሁን የምትፈራው ሁለት ዓይነት ሽጉጥ ነው።

እኛስ የእነሱን ሰው እንዴት አኖርነው? ሻሸመኔ ላይ ንጉሡ በሰጡት መሬት የመጡት ጃማይካውያን ፓስፖርታቸው አልቆ፣ ልጆቻቸው እዚሁ ተወልደው፣ ለአሥርት ዓመታት ያለ መታወቂያ ነው የኖሩት። መንግሥት መታወቂያ እሰጣለሁ ያለው በ2017 ነው። ወረቀት የሌለው ሰው ቤቱ ቢሰበር ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ማነኝ ይላል? ስለ እንግዳ ደኅንነት ስናወራ ይሄንን ማን ቆጠረው?

ለእትዬ ይህን ሁሉ አላወራሁም። ቱሪስት እንደማይነካ፣ ቀይ ታርጋ እንደሚይዙ፣ ማታ እንደማይወጡ ነገርኳቸው። ትንሽ ረጋ አሉ። ከዚያ ከእንግሊዝ ስለተመለሱት ሽማግሌዎች ሳላስበው አመለጠኝና ነገርኳቸው። ዝም አሉ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ "ሃሎ" አልኩ።

"አለሁ" አሉ። "ወንድምህ ለቡ የሚያሠራውን ቤት፣ ብሩ በማን እጅ ነው የሚያልፈው?"

"በኮንትራክተሩ።"

"በል እሱን ዝጋና ወንድምህ ጋ ደውል። ልጅቷ ትሂድ።"