እርማት፦ ድርጅት ሲከስር ሠራተኛ የመጨረሻ ተሰላፊ አይደለም

«ድርጅት ከከሰረ ለሠራተኛ የሚደርሰው ከአበዳሪዎች የተረፈው ነው» የሚባለው ስህተት ነው፤ ብዙዎች ይህን አምነው መብታቸውን ሳይጠይቁ ይቀራሉ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከሥራ ግንኙነት የሚመነጭ የሠራተኛ ክፍያ ከሌሎች ዕዳዎች ይቀድማል።

የሥራ ስንብት ክፍያም አለ። ለመጀመሪያው ዓመት የመጨረሻው ሳምንት አማካይ የቀን ደመወዝ በ30 ይባዛል፤ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚሁ ሲሶ ይታከላል፤ ጣሪያው የ12 ወር ደመወዝ ነው። ኪሳራ ሲሆን ደግሞ የ60 ቀን ደመወዝ ይጨመራል፤ ይህ በተለይ እንዳይዘለል። በቀን 400 ብር እያገኘ 4 ዓመት ለሠራ ሰው የስንብቱ 24,000 ሲደመር የ60 ቀኑ 24,000፣ በድምሩ 48,000 ብር ማለት ነው። ውዝፍ ደመወዝ ለብቻው ይታሰባል።

አሠሪው «ንብረቱ ሲሸጥ እንከፍላለን» ቢልም እጅ አጣጥፎ መጠበቅ አደገኛ ነው፤ ክስ ሳይመሠረት 6 ወር ካለፈ ጥያቄው በይርጋ፣ ማለትም የመክሰሻ ጊዜው በማለፉ፣ ይታገዳል።